ወደ ሐይቅ የገባ ውኃ ባክኗልን?

ሰው ሲሞት ጡሩምባ ይነፋል፤ ጎረቤት ይሰበሰባል፤ ድንኳን ይተከላል። ሐይቅ ሲሞት ግን መርዶ ነጋሪ የለውም። በምሥራቅ ሐረርጌ ደጋ የሚገኘው የሐሮማያ ሐይቅ ዓመት በዓመት ከዳርቻው እየሸሸ ሄዶ በ1997 ዓ.ም. ገደማ ሲደርቅ፣ ከአገራችን ቀደምት የእርሻ ኮሌጆች አንዱ አጠገቡ ቆሞ ነበር። ይህን የምንጽፈው በአንድ ኮሌጅ ላይ ጣት ለመቀሰር አይደለም። ስለ አፈርና ስለ ውኃ ትምህርት በሚሰጥበት ቦታ ሐይቅ ሊሞት ከቻለ፣ ዕዳው ተምረናል የምንል የሁላችንም ነው ለማለት ነው።

ምን ገደለው ብለን ብንጠይቅ ብዙ ጊዜ የምንሰማው መልስ «ድርቅ ነው» የሚል ነው። ይህ መልስ ለሁሉም ይመቻል፤ ሰማይ ተከስሶ ፍርድ ቤት አይቀርብምና። እርግጥ ሐሮማያ ትንሽ ሐይቅ ነው፤ በደህናው ዘመን እንኳ ጥልቀቱ ቢበዛ ወደ 8 ሜትር ነበር። እንዲህ ያለውን ውኃ ፀሐይ ቶሎ እንደምትጎዳው እናምናለን። ነገር ግን ይህችው ፀሐይ ከዚያ በፊት ለስንት ዘመን ስትወጣበት ኖራለች! አዲስ የመጣው ፀሐይዋ ሳትሆን የውኃ መሳቢያው ሞተር ነው። ከ1950ዎቹ ጀምሮ የሐረር ከተማ የመጠጥ ውኃ ከዚሁ ሐይቅ ይሳብ ነበር። በኋላም በዙሪያው የተተከለው ጫት፣ ድንችና አትክልት በበጋ ከሐይቁና ከከርሰ ምድሩ ይጠጣ ጀመር። ዛፉ ከተመነጠረበት ኮረብታ የሚወርደውም ደለል ወለሉን ሞላው። ሁሉም ቀዳ፤ ስንት እንደ ተቀዳ ግን የተቆጣጠረ አልነበረም።

እዚህ ላይ ገበሬውን የምንከስስ የሚመስለው ካለ ተሳስቷል። ጠባብ መሬት ይዞ ብዙ ልጅ የሚያሳድግ ሰው፣ ጫት በበጋ ዋጋው እንደሚወጣ እያወቀ ሞተሩን ቢያስነሣ ምን ይፈረድበታል? «ከዚህ በታች ውኃው አይነካም» ተብሎ የተሰመረና የተጠበቀ መስመር አልነበረም። መስመር ማስመር ደግሞ የገበሬው ሳይሆን የመንግሥትና የምሁር ሥራ ነው። በመጨረሻ አቅም ያለው ጉድጓዱን ወደ ደረቀው ወለል ይዞ ወረደ፤ የሐረር ሕዝብ ግን ጄሪካን ይዞ ተሰለፈ። ከዓመታት በኋላ ውኃው በብዙ መቶ ሜትሮች ዝቅ ብላ ከምትገኘው ከድሬዳዋ በኩል፣ በሞተር እየተገፋ ሽቅብ ይመጣ ዘንድ ግድ ሆነ። «አገራችሁ የአፍሪካ የውኃ ማማ ናት» እየተባልን ላደግን ለእኛ፣ የአባይን ልጅ ውኃ ጠማው የሚለው ተረት ከዚህ የበለጠ ትርጉም አይኖረውም።

ከሐሮማያ ያልተማረ ደግሞ ወደ ስምጥ ሸለቆ ይውረድ። ከጉራጌና ከአርሲ ደጋ የሚነሡት የመቂና የቀታር ወንዞች ወደ ዝዋይ ሐይቅ ይገባሉ። ዝዋይ የተረፈውን በቡልቡላ ወንዝ ወደ አቢያታ ይልካል። አቢያታ ግን መውጫ የለውም፤ የውኃው ጉዞ እዚያ ያበቃል። በዚህ ሸለቆ ከሐይቅ ላይ በዓመት የሚተንነው ውኃ በዝናብ በላዩ ከሚወርደው ይበልጣል። ስለዚህ አቢያታ በሕይወት የሚኖረው ከላይ በሚላክለት ነው። ከላይ ግን መስኖው፣ የአበባ እርሻውና ከተማው ይቀዳሉ፤ በዳርቻው ደግሞ ከ1970ዎቹ ጀምሮ የሶዳ አሽ ፋብሪካ የሐይቁን ውኃ ወደ ማትነኛ ገንዳ ሲስብ ኖሯል። ከ1965 ዓ.ም. በኋላ ባሉት አርባ ዓመታት ሐይቁ የስፋቱን ግማሽ ያህል አጣ። ውኃው ሲያንስ ጨውነቱ በረታ፤ ቆሮሶው ዓሣ ጠፋ፤ በሻላ ደሴት እየፈለፈሉ ምግባቸውን ከአቢያታ ይለቅሙ የነበሩት ፔሊካኖችም ማዕዳቸው ተነሣ። ይህ ሁሉ የሆነው በተለይ ለውኃ አእዋፍ ተብሎ በተከለለ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ መሆኑን ልብ በሉ።

የሚሟገቱን ሰዎች እንዲህ ይላሉ፤ «ወደ አቢያታ የሚገባ ውኃ ለማንም ሳይጠቅም በፀሐይ ያልቃል፤ ባክኗል። ወፍ ከሰው አይበልጥም።» ይህን ቃል ከመሐንዲስም፣ ከኢኮኖሚ ተማሪም፣ አንዳንዴም ከመምህር አፍ ሰምተነዋል፤ ስለዚህ ልንመልስለት ይገባል።

በመጀመሪያ፣ ጥያቄው «ወፍ ወይስ ሰው» አይደለም። ዓሣው ሲጠፋ ከወፉ ጋር አስጋሪውም ሥራ ይፈታል፤ ውኃው ሲመርር ከብት አርቢውም ይሰደዳል። ሁለተኛውና ዋናው ነገር ግን ይህ ነው፤ የሚፈስ ውኃ ጨው ተሸክሞ ይወርዳል። ዝዋይ ለመጠጥና ለእርሻ የሚሆን ውኃ ይዞ የኖረው በቡልቡላ በኩል መውጫ ስላለው ነው። «ባከነ» የሚባለው ውኃ የዝዋይን ቤት ጠርጎ የሚወጣ ውኃ ነው። ምንም ጠብታ ወደ ታች አይለፍ፣ ሁሉን እዚሁ እንጠቀምበት ብንል፣ ጨው ከውኃ ጋር አይተንምና ዝዋይ ራሱ ቀስ በቀስ ሌላ አቢያታ ይሆናል። ያን ጊዜ አበባው በምን ይጠጣል? ከተማውስ? በደረቅ አገር ለሐይቅ የተተወ ውኃ ለወፍ የተሰጠ ምጽዋት አይደለም፤ ለራሳችን የተከፈለ የቤት ኪራይ ነው።

ሕግ የለም እንዳይባል ሕግ አለ። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የውኃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197 የአገሪቱን ውኃ የሕዝብና የመንግሥት የጋራ ሀብት ያደርገዋል፤ ለቤት ፍጆታ ከሌላው ሁሉ ቅድሚያ ይሰጣል፤ ውኃ መጠቀምንም በፈቃድ ያደርገዋል። በዚያው ዘመን የወጣው ፖሊሲም ለሰው፣ ለከብትና ለተፈጥሮ የሚጠበቅ ውኃ በክፍፍል ቅድሚያ እንዳለው ጽፏል። ቃሉ መልካም ነው። ነገር ግን የሐይቁ ድርሻ በቁጥር ተለክቶ ሳይቀመጥ ፈቃድ መስጠት፣ በሣጥኑ ስንት ገንዘብ እንዳለ ሳይቆጥሩ ቼክ እንደ መፈረም ነው።

ወንድሞችና እኅቶች፣ የተከበራችሁ መምህራን፤ እኛስ ምን ሠራን? ስለ ሐሮማያ የተጻፈው ጥናት ጥቂት አይደለም፤ ብዙው ግን ሐይቁ ከደረቀ በኋላ የተጻፈ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ ነው። የተጻፈውም ቢሆን በማናውቀው ቋንቋ የተጻፈ ያህል፣ ሞተር ከሚያስነሣው ገበሬ ጆሮ ሳይደርስ በመደርደሪያ ላይ አቧራ ይጠጣል። ዲግሪ ማግኛ የሆነ ሐይቅ ሲሞት ዝም ብሎ ማየት ለምሁር ነውር ነው።

እንግዲህ የምንጠይቀው ሦስት ነገር ነው። ለእያንዳንዱ ሐይቅ፣ ከአቢያታና ከዝዋይ ጀምሮ፣ ከዚህ በታች አይወርድም የሚባል የውኃ ልክ በሕግ ይወሰን። ከሐይቁና ከገባር ወንዞቹ የሚቀዳው፣ የትልቁም የትንሹም፣ ይለካና ለሕዝብ በግልጽ ይነገር። እኛም የምናጠናውን በየአካባቢው ቋንቋ ጽፈን፣ ለገበሬውና ለአስጋሪው ማኅበር ሳናነብ ጥናት አለቀ አንበል።

ሐሮማያ ባለፉት ጥቂት ዓመታት ውኃ ተመልሶለታል፤ ደስ ብሎናል። ኮረብታው ላይ እርከን የሠሩትን እጆች እናመሰግናለን፤ ዝናቡንም እንዲሁ። ነገር ግን ከሐይቁ ጋር ያው ልክ የለሽ ቀጂነት ከተመለሰ፣ የተሰጠን ምሕረት ሳይሆን ቀጠሮ ነው። በቀጠሮው ቀን «ድርቅ ነው» ብለን ሰማይን እንደገና ብንከስስ የሚያምነን አይኖርም።