ከቁጥር ጎን የሚቆመው ቁጥር

አንዳንድ ጓደኞቻችን «የሥነ ጽሑፍና የታሪክ ተማሪ ስለ አንጎል መለኪያ ምን አገባው?» ይሉን ይሆናል። መልሳችን አጭር ነው። ቁጥር የሚለካው በላቦራቶሪ ይሁን እንጂ የሚታመነው በአደባባይ ነው፤ ስለዚህ እንዴት ሊታመን እንደሚገባው መጠየቅ የሁላችንም ጉዳይ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1946 ፌሊክስ ብሎክ በስታንፎርድ፣ ኤድዋርድ ፐርሰል በሃርቫርድ፣ በብርቱ ማግኔት ውስጥ የገባ የአቶም እምብርት ለሬዲዮ ሞገድ መልስ እንደሚሰጥ ለየብቻቸው አሳዩ፤ በ1952ም የኖቤልን ሽልማት ተካፈሉ። በየሆስፒታሉ ስሙን የምንሰማው ኤም አር አይ የተወለደው ከዚሁ ነው። ማግኔቲክ ሬዞናንስ ስፔክትሮስኮፒ የተባለው ወንድሙ ደግሞ ሥዕል በማንሣት ፈንታ፣ የራስ ቅል ሳይከፈት፣ መርፌም ሳይወጋ፣ በአንጎል ውስጥ ያሉትን ኬሚካሎች መጠን ይነግረናል። እያንዳንዱ ኬሚካል በሞገዱ መስመር ላይ የራሱ ጉብታዎች አሉትና ከጉብታው ሥር ባለው ስፋት መጠኑ ይገመታል።

«ይገመታል» ያልነው ሆን ብለን ነው። በአንጎል ውስጥ ያለው ውሃ ከሚፈለጉት ኬሚካሎች በብዙ ሺሕ እጥፍ ስለሚበልጥ፣ የእነሱ ድምፅ በገበያ መካከል እንደሚንሾካሾክ ሰው ድምፅ ነው። ይባስ ብሎ ጉብታዎቹ እርስ በርሳቸው ይደራረባሉ። ለምሳሌ የነርቮችን ሥራ የሚገታው ጋባ የተባለው ኬሚካል በብዛት የሚለካበት ምልክት፣ እጅግ በሚበልጠው በክሬአቲን ጉብታ ሥር ተቀብሮ ይገኛል። አንዱን ከሌላው ለይቶ ለየድርሻው ማካፈል እንግዲህ የሒሳብ ሥራ ነው። ስቴፈን ፕሮቬንቸር በ1993 በጽሑፍ ያስተዋወቀው ኤልሲሞዴል የተባለ የኮምፒዩተር ፕሮግራም በዚህ ሥራ የታወቀ ሲሆን፣ በእያንዳንዱ መጠን ጎን ሌላ ቁጥር በመቶኛ ያትማል፤ ይኸውም የጥርጣሬው ልክ ነው።

የዚህ ሁለተኛ ቁጥር መሠረት የክራሜርና የራኦ ወሰን ይባላል። ሕንዳዊው ሲ. አር. ራኦ ሐሳቡን በ1945 በካልካታ ሲያሳትም እንደኛው በሃያዎቹ ዕድሜ የሚገኝ ወጣት ነበር፤ ስዊድናዊው ሃራልድ ክራሜርም በ1946 አሳተመው። ትርጉሙም፣ ወደ አንድ ወገን ሳያደላ የሚገምት ሰው የቱንም ያህል ብልኅ ቢሆን፣ ከያዘው መረጃ ከዚህ ያነሰ ስሕተት ሊያገኝ አይችልም ማለት ነው። ልብ በሉ፤ ይህ ወለል ነው እንጂ ጣሪያ አይደለም። እውነተኛው ስሕተት ከታተመው ሊበልጥ ይችላል።

ክርክራችን የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ብዙ ተመራማሪዎች ጥርጣሬው ከመቶ 20 የበለጠውን ልኬት እየጣሉ በቀረው ብቻ መፍረድን ልማድ አድርገው ኖረዋል። እስቲ እናስላው። የአንድ ኬሚካል መጠን በጤነኛው 2፣ በታማሚው 1 ሚሊሞል ነው እንበል፤ ስሕተቱም በሁለቱም ላይ እኩል 0.25 ይሁን። በጤነኛው ላይ ከመቶ 12.5 ነውና ያልፋል፤ በታማሚው ላይ ግን ከመቶ 25 ይሆንና ይጣላል። ሁለቱ የተለኩት በአንድ ዓይነት ጥራት ነው፤ የታማሚው ጥፋት ኬሚካሉ ማነሱ ብቻ ነው። ጥናቱ ሊፈልገው የተነሣውስ ይህንኑ ማነስ አልነበረምን? የበርኑ ተመራማሪ ሮላንድ ክራይስ በ2016 ባሳተመው ጽሑፍ ስለዚሁ አደጋ አስጠንቅቋል።

«ታዲያ የተበላሸው ልኬት ሁሉ ይግባ ወይ?» የሚል ይኖራል። አይደለም። ሰውየው ተንቀሳቅሶ መስመሩ ቢበላሽ መጣሉ ተገቢ ነው። ዳሩ ግን የሚጣለው በመስመሩ ጥራት ተመርምሮ፣ ደንቡም አስቀድሞ ተጽፎ መሆን አለበት እንጂ ውጤቱ ስላነሰ መሆን የለበትም። ምስክር የሚሰናበተው የሚናገረው ስላልጣመን ነውን?

እኛ የምንለው ይህ ነው። ማንም ስለ ሰው አንጎል ቁጥር ሲነግረን፣ ሲደመር ሲቀነስ ስንት እንደሆነና ስንቱ ልኬት ለምን እንደተጣለ አብሮ ይንገረን። ጥርጣሬን ከነልኩ መናገር የዕውቀት ድካም ሳይሆን ሐቀኝነቱ ነው። ይህን ጥያቄ ለመጠየቅ የፊዚክስ ዲግሪ አያስፈልግም፤ ያልጠየቅን እንደሆነ ግን ከስሌቱ ተጥሎ የሚቀረው ያ ኬሚካሉ የጎደለበት ታማሚ ነው።