ድምፁ የዕቃው ነው ወይስ የእጁ?

ሚክሰር እየተባለ ስለሚጠራው አሮጌ አናሎግ የድምፅ ማደባለቂያ ጠረጴዛ ሲወራ አንድ አጉል እምነት ይደመጣል። «ነፍስ አለው፤ ባረጀ ቁጥር ውበቱ ይጨምራል» ይባልለታል። አባባሉ ለጆሮ ቢጥምም ሐሰት ነው፤ የሠራተኛውን ድካም ለዕቃው ያስረክባልና።

ለዚህ አንድ የታወቀ አብነት ማየት ይበቃል። በእንግሊዝ አገር ኒቭ የተባለው ኩባንያ የሠራው 8028 ሚክሰር እ.ኤ.አ. በ1973 በሎስ አንጀለስ፣ በሳውንድ ሲቲ ስቱዲዮ ተተከለ። በ1991 የኒርቫና «ኔቨርማይንድ» አብዛኛው ክፍል የተቀዳው በዚሁ ነው። ስቱዲዮው በ2011 ለደንበኞች መሥራቱን ሲያቆም የኒርቫና ከበሮ መቺ የነበረው ዴቭ ግሮል ሚክሰሩን ገዝቶ ወደ ራሱ ስቱዲዮ አዛወረው፤ በ2013ም ስለ ስቱዲዮው ዘጋቢ ፊልም አወጣ። ዕቃው ዝነኛ ሆነ። ነገር ግን በእነዚያ 38 ዓመታት ክፍሎቹን እያወጣ የጠረገውና የበየደው እጅ የማን ነው? በሸክላው ሽፋን ላይስ ስሙ ስንት ጊዜ ታተመ?

ዕድሜ ለሚክሰር በሽታ እንጂ ጌጥ አይደለም። በኤሌክትሮሊቲክ ካፓሲተሮቹ ውስጥ ያለው ፈሳሽ በጊዜ ብዛት ይደርቃል፤ ወፍራሙ ድምፅ ጉልበት ያጣል። የመቆጣጠሪያዎቹ መገናኛ ይቆሽሽና በተነካ ቁጥር ኮሽ ኮሽ ይላል።

አተካከሉም ቁም ሣጥን እንደማስገባት አይደለም። በቅድሚያ የኃይል አቅራቢው ክፍል ለብቻው ይፈተናል፤ የኒቭ 8028 የሚጠይቀው የረጋ 24 ቮልት ነው። የግራውንዱ ሽቦ አያያዝ ከተዘነጋ የመብራቱ እዝዝታ ከዘፋኙ ድምፅ ጋር አብሮ ይቀዳል። ለሙቀቱ መውጫ ይተዋል። በመጨረሻም 1000 ኸርዝ የሆነ ድምፅ በየመስመሩ እየተላከ የሁሉም መጠን ይስተካከላል።

«የድሮ ዕቃ እኮ ይጠገናል» የሚል ተከራካሪ አይጠፋም። እርግጥ ነው፤ ትልቁ ምግባሩ ይኸው ነው። ሆኖም የሚጠገን ዕቃ ማለት ጠጋኝ የሚሻ ዕቃ ማለት ነው። በግዢው ሰነድ ላይ የመለዋወጫው ዋጋ፣ የሰርኪዩቱ ንድፍና የጥገና ባለሙያው ደመወዝ ካልሰፈሩ ገንዘቡ ገና ከጅምሩ ባክኗል።

እንግዲህ ዕቃ ማምለኩ ይብቃ። የጠጋኙ ስም ከዘፋኙና ከቀራጩ ስም ጎን ይጻፍ፤ ወጣቱም አንጋፋው በሕይወት ሳለ ከእጁ ይማር። ያ እጅ ተተኪ ሳያፈራ ያለፈ ዕለት፣ የተመለከው ሚክሰር የእንጨትና የብረት ክምር ሆኖ ይቀራል።