ጠላም ቢራ ነው
ባሕር ዳር መጠጥ ቤት ገብታችሁ ቢራ ብትጠይቁ ስሙ ብዙ ነው፤ ዓይነቱ ግን ባብዛኛው አንድ ነው፤ በቀዝቃዛ የሚብላላው ላገር። ኤል የሚባለው ቢራ ግን ሞቅ ባለ ቦታ ይብላላል፤ ልክ እንደ ጠላችን።

ጣና ዳር ልጆቿን በጠላ ያሳደገች እናት ከአንድ ጋን ጉሹን፣ የጠለለውንና ቅራሪውን ታወጣለች። አሻሮውን ስታጠቁረው ሌላ መልክ፣ ጌሾውን ስታበዛው ሌላ ምሬት ይመጣል። ወደ ጎንደር ሲሉ ደግሞ ኮረፌ አለ።

አዲስ አበባ ላይ ጋርደን ብሮይ ፈካ ያለና ጥቁር ቢራ እዚያው ጠምቆ በመሸጥ ስም አውጥቷል። ታዲያ ለጠላ ጠማቂዋ ምን ጎደላት? ሙያ አይደለም። በጋን ልክ የተሰፋ ፈቃድ፣ የጥራት ምርመራና ብድር ነው። እሱ ካልመጣ ሙያው ከእናቶቻችን ጋር ያልፋል።