አንዱን ባትሪ ብቻ የቀየረ ባለንብረት ምን ቆጠበ?

ከሌሊቱ 10 ሰዓት ነው። ሚሌ ያደረ የጭነት መኪና ሹፌር ጋቢናው ውስጥ ተነስቶ ቁልፉን ያዞራል። ሞተሪኖው "ጠቅ" ይልና ዝም። መብራቱ ደብዘዝ ይላል። እንደገና ያዞራል፤ ያው ነው። በጅቡቲ መስመር ዓመታት የነዳ ሹፌር ይህን ድምፅ በደንብ ያውቀዋል። የሚያበሳጨው ግን መኪናው ባለፈው ወር አዲስ ባትሪ የገባለት መሆኑ ነው። አንድ አዲስ ባትሪ።

ችግሩም እዚያው ላይ ነው።

ሲኖትራክም ሆነ አይሱዙ ኤፍኤስአር፣ አገር ውስጥ ጭነት የሚያመላልሱት አብዛኞቹ የናፍጣ መኪኖች የሚነሱት በ24 ቮልት ነው። ይህ 24 ቮልት የሚገኘው ሁለት ባለ12 ቮልት ባትሪዎች በተከታታይ ሲታሰሩ ነው፤ የአንዱ ፖዘቲቭ ከሌላው ኔጌቲቭ ጋር። በአንዱ የሚያልፈው ኃይል በሌላውም ማለፉ ግድ ነው። ገበሬ ይህን ያለ ቴስተር ያውቀዋል። ጠንካራ በሬ ከደካማ ጋር ሲጠመድ እርሻው የሚሄደው በደካማው እርምጃ ነው፤ ጠንካራውም ቢሆን ብዙ አይቆይም።

ሞተር ሲነሳ ዲናሞው ለሁለቱ ባትሪዎች በድምሩ 28 ቮልት አካባቢ ይሰጣል። ሁለቱ እኩል ከሆኑ 14፣ 14 ይካፈላሉ። ዲናሞው ግን ለእያንዳንዳቸው አይለካም፤ የሚያየው ድምሩን ብቻ ነው። ባትሪ ውስጥ ስድስት ክፍሎች አሉ። ከአሮጌው አንዱ ክፍል ከሞተ፣ አሮጌው 12 ቮልት አካባቢ ብቻ ይይዝና ቀሪው 16 ገደማ አዲሱ ላይ ይወድቃል። አዲሱ ይፈላል፤ ውሃው ያልቃል፤ ፕሌቶቹ ይበላሻሉ። አሮጌው ፕሌቶቹ ሰልፌት ይዘው የደነዘዘ ከሆነ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። ሳይሞላ የሞላ መስሎ ከድርሻው በላይ ቮልት ይይዛል፤ አዲሱ ሁልጊዜ በጎዶሎ ይኖራል። በጎዶሎ የሚኖር ባትሪ ደግሞ እሱም ሰልፌት ይይዛል። በየትኛውም መንገድ መጨረሻው አንድ ነው፦ አዲሱ አሮጌውን አያድስም፤ አሮጌው አዲሱን ያስረጀዋል።

"ታዲያ ገፍቶ ማስነሳት ነው" የሚል ይኖራል። ጭነት የያዘ ከባድ መኪና የሚገፋ ነገር አይደለም። በዚያ ላይ ፍሬኑ የአየር ነው። መኪናው ቆሞ አድሮ አየሩ ከወጣ የኋላ ጎማዎቹን ስፕሪንጉ ቆልፎ ይይዛቸዋል፤ አየር እንዲሞላ ሞተር መነሳት አለበት፤ ሞተር እንዲነሳ ባትሪ ያስፈልጋል። ሹፌሩ የቀረው ምርጫ ከሌላ መኪና ኃይል መለመን ነው።

አንድ ጊዜ እንዲህ የሆነበት ሹፌር ከዚያ በኋላ ሞተር ማጥፋት ይፈራል። ሌሊቱን ሙሉ እያስነሳ ያድራል። ናፍጣው ይነዳል፤ ናፍጣው ሲጎድል "ሸጠኸው ነው" ይባላል። ባትሪው ሲሞት ደግሞ ባለንብረቱ አዲስ አበባ ሆኖ በስልክ "ባለፈው ወር አዲስ ገዝቼልህ ምን አድርገኸው ነው?" ይላል። ነገሩ የማይስተካከለውም ለዚህ ነው። የሚወስነው ሌላ፣ በረሃ ላይ የሚያድረው ሌላ ነው።

ባለንብረቱም መልስ አለው፤ መልሱም ከንቱ አይደለም። ባትሪ ተወዷል፤ ጎማ አለ፣ ዘይት አለ፣ የባንክ ዕዳ አለ። "ዘንድሮ አንዱን፣ ከርሞ ሌላውን" ማለት ከኪሱ አንጻር ብልህነት ይመስላል። ሂሳቡን ግን እስከ መጨረሻው ይሥራው። ከአሮጌ ጋር የተጠመደው አዲስ ዕድሜውን ሳይጨርስ ይሞታል። ከርሞ ሌላ አዲስ ሲገዛ ያ የዘንድሮው በተራው "አሮጌው" ሆኖ ይጠብቀዋል። እንዲህ እያለ መኪናው አንድም ቀን ሁለት እኩል ባትሪ ሳይኖረው ይኖራል። ላይ የቆመበት የሥራ ቀንና የተቃጠለው ናፍጣ ሲደመርበት፣ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይህ ነው።

በዚህ ላይ የበረሃው ሙቀት አለ። ከ25 ዲግሪ በላይ በየ10 ዲግሪው የባትሪ ዕድሜ በግምት በግማሽ ይቀንሳል። አዋሽን አልፎ ሰመራና ጋላፊ የሚውል ባትሪ እንደ አዲስ አበባው አይቆይም። ሙቀቱ ይጎዳዋል፤ ጉዳቱ ብዙ ጊዜ የሚታወቀው ግን ደጋ ላይ በቀዝቃዛ ጠዋት ነው።

ባለንብረት ሁሉ ነገ ሁለት ባትሪ ይግዛ ማለት አይደለም። መጀመሪያ ይለካ። መኪናው ሞተሩ ጠፍቶ ካደረ በኋላ እያንዳንዱ ባትሪ ለብቻው በቴስተር ይታይ። 12.6 ቮልት ገደማ ሙሉ ነው፤ 12.2 ግማሽ አካባቢ ነው። በሁለቱ መካከል ልዩነቱ ከ0.2 ካለፈ ጥምዱ ተዛብቷል። ተርሚናሉ ላይ የተጋገረው ነጭ ነገርም ይጠረግ፤ ዲናሞውም ይታይ። ባትሪ ተብሎ የተጣለው ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የሽቦ ነው። ውሃው የጎደለ ባትሪ የሚሞላው በተጣራ የባትሪ ውሃ ነው፤ በቧንቧ ውሃም በአሲድም አይደለም።

መቀየር ግድ ከሆነ ሁለቱም ይቀየሩ፦ አንድ ዓይነት ስም፣ እኩል አምፒር፣ የተቀራረበ የምርት ቀን። ሞልቶ የሚሸጥ ባትሪ ሱቅ ውስጥ ቻርጅ ሳይደረግ ወራት ከቆየ ሳይሠራ ያረጃል፤ ስለዚህ ከዋጋው በፊት ቀኑ ይጠየቅ። ከወጡት ሁለት አንዱ ደህና ከሆነ ደግሞ አይጣል። ሁለት ሦስት መኪና ያለው ሰው እኩያውን ፈልጎ ሊያጣምደው ይችላል። ይህ እውነተኛ ቁጠባ ነው። ሌላኛው ባትሪ ገና ጥቂት ወራት የሠራና ተለክቶ ደህና የሆነ ከሆነ፣ አንዱን ብቻ መቀየር የሚፈቀደው ያኔ ነው።

ሹፌሩም ድርሻ አለው። ለቴፕና ለስልክ ቻርጀር ሲባል ከአንዱ ባትሪ ላይ 12 ቮልት መጥለፍ የተለመደ ነው። የተጠለፈበት ባትሪ ሁልጊዜ ይጎድላል፤ ጓደኛው ከልኩ በላይ ይሞላል። ሁለቱም አዲስ ቢሆኑ እንኳ በወራት ውስጥ ጥምዱ ይፈርሳል። ከ24 ወደ 12 የሚቀንስ ኮንቨርተር ከባትሪ ዋጋ ጋር ሲተያይ ትንሽ ገንዘብ ነው።

አገሪቱ የምታስገባውና የምታስወጣው ዕቃ አብዛኛው የሚያልፈው በዚህ መንገድ ነው። ያን ሁሉ ጭነት የሚያነሳው ጠዋት ላይ የሚዞር አንድ ቁልፍ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል ይባላል፤ ባለንብረቱ ቴስተሩን የሚያነሳው መኪናው ግቢው ውስጥ ቆሞ ሳለ እንጂ ስልኩ ከሚሌ ሲደወል አይደለም።