ጎርፍ ሳይመጣ ስለሚሰጥ ምጽዋት

ምጽዋት ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው የተቸገረውን ሰው ጩኸት ሰምቶ የሚነሣ ነው፤ ሁለተኛው ጩኸቱ ሳይሰማ አስቀድሞ የሚያስብ ነው። የመጀመሪያው መልካም ነው፤ ማንም አይነቅፈውም። ነገር ግን ሁለተኛውን ትታ በመጀመሪያው ብቻ የምትመካ ቤተ ክርስቲያን የምጽዋትን ግማሽ ይዛ ሙሉውን የያዘች ይመስላታል። እኔ በዚህ ጽሑፍ የምሟገተው ይህን አሳብ ነው። ወጣቶች ሆይ፣ ነገ ሽማግሌዎችና ገንዘብ ያዦች የምትሆኑት እናንተ ናችሁና ጆሮአችሁን አውሱኝ።

በየዓመቱ ክረምት ሲበረታ፣ ድንገተኛ ጎርፍ ሕዝብ አፈናቀለ የሚል ወሬ እንሰማለን። ወዲያው በየቤተ ክርስቲያኑ ይታወጃል፤ ሙዳየ ምጽዋት ይዞራል፤ አሮጌ ልብስ ይሰበሰባል። ለመሆኑ ድንገተኛ የሚባለው የትኛው ነው? ባሮ በክረምቱ መጨረሻ ሞልቶ የኢታንግንና የላሬን ሜዳ እንደሚያለብስ የጋምቤላ ሕፃን እንኳ ያውቃል። ርብና ጉማራ ከጣና በስተ ምሥራቅ ያለውን የፎገራን ሜዳ እንደሚውጡ ገበሬው ከአባቱ ሰምቷል፤ በዓይኑም አይቷል። አዋሽ በአፋር ቆላ፣ ዋቢ ሸበሌም በሶማሌ አገር ከዳር ወጥተው መንደር ሲያፈርሱ የመጀመሪያቸው አይደለም። እርግጥ ነው፣ ቀኑንና ሰዓቱን፣ የውሃውንም ብዛት አስቀድሞ የሚነግረን የለም። ወሩና ስፍራው ግን የታወቀ ነው። የጾሙንና የበዓሉን ቀን ከዓመት በፊት ቆጥረን የምናሳውቅ ሰዎች፣ በየዓመቱ የሚመጣውን ውሃ እንደማናውቀው እንግዳ ስንደነግጥበት ማየት ያሳፍራል።

የድሬዳዋን ነገር አስቡ። ደቻቱ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው፤ ሰው ይመላለስበታል፤ ይሸጥበታል፤ ይለውጥበታል። ዝናቡ የሚዘንበው ግን ከከተማይቱ በላይ፣ ወደ ሐረር በሚወስደው ደጋ ነው። ስለዚህ በከተማይቱ ያለው ሰው ሰማዩን አይቶ ምንም ሳይጠረጥር ውሃው ከላይ ተሰብስቦ ሊወርድበት ይችላል። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ 29 ለ30 አጥቢያ፣ ፍልሰታ ሊገባ ጥቂት ሲቀረው፣ ደቻቱ ሕዝቡን በተኛበት አገኘው። ከ250 የሚበልጥ ሰው ሞተ፤ ወደ 10 ሺህ የሚጠጋ ሰው ቤት አልባ ሆነ። ሳምንት ያህል ቈይቶ ደግሞ በደቡብ ኦሞ የኦሞ ወንዝ ሞልቶ በዳሰነች ምድር ከ360 የሚበልጡ ሰዎች አለቁ። ያን ጊዜ የብዙ ሰው ልብ ተነክቷል፤ የብዙ ሰው እጅም ተዘርግቷል። እኔ የምጠይቀው ግን እጁ ለምን ሐምሌ 30 ተዘረጋ? ለምን ሰኔ 30 አልተዘረጋም? ብዬ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚለውን ተረት ለሌላው ስንተርት ኖረን በራሳችን ላይ ሲደርስ አናውቀውም።

በተፈናቀለ ቤተሰብ ላይ እጅግ የሚከፉት የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀኖች ናቸው። መንገዱ ተቆርጧል፤ ከሩቅ የሚመጣው መኪና ገና አልደረሰም። የጉድጓዱ ውሃ ከመጸዳጃው ጋራ ስለ ተቀላቀለ ሰው በውሃ ተከብቦ ይጠማል፤ ከጠጣም ይታመማል። እናት ስንዴ ቢሰጧት ድስቷን ውሃ ወስዶታል፤ ማገዶው ርሷል፤ ወፍጮ ቤቱ ጭቃ ሆኗል። እንግዲህ በእነዚያ ቀኖች ነፍስ የሚያድነው ንጹሕ ውሃና የውሃ ማከሚያ መድኃኒት፣ ጀሪካን፣ ድስት፣ ሳሙና፣ ብርድ ልብስ፣ ከዝናብ የሚከልል ሸራ ነው። እነዚህ ሁሉ የማይበሰብሱና የማይነቅዙ፣ አስቀድሞ ገዝቶ በመጋዘን ለማስቀመጥ የሚመቹ ናቸው። እኛ ግን ይህን ሁሉ ትተን ከሳምንት በኋላ ቁልፉ የረገፈ ካፖርትና ተረከዙ የረዘመ የሴት ጫማ በጭቃ ውስጥ ለቆመች እናት እንልካለን፤ ከዚያም ሰጠን እንላለን።

መጽሐፍ ቅዱስን ለምን እናነባለን? ኖኅ መርከቡን የሠራው በደረቅ ምድር ሳለ ነው፤ ውሃው ጉልበቱ ሲደርስ መጥረቢያ ቢፈልግ ኖሮ ማን ይተርፍ ነበር? ዮሴፍ በግብፅ ጎተራውን የሞላው በጥጋቡ ዘመን ነው። በአንጾኪያ የነበሩ ደቀ መዛሙርትም አጋቦስ የተባለው ነቢይ ረኃብ እንደሚመጣ በተናገረ ጊዜ፣ እያንዳንዳቸው እንደ ችሎታቸው አዋጥተው በይሁዳ ለሚኖሩ ወንድሞች በበርናባስና በሳውል እጅ ላኩ። ልብ በሉ፤ ቃሉን ሰምተው ቆረጡ እንጂ የሬሳ ቍጥር እስኪነገራቸው አልጠበቁም።

ይህን ስናገር ሦስት መልስ ይሰጡኛል። አንዳንዶቹ፣ ጎርፍ የእግዚአብሔር ቍጣ ነውና የቤተ ክርስቲያን ሥራ ጸሎት ብቻ ነው ይላሉ። በሰሊሆም ግንብ ወድቆባቸው ስለ ሞቱት 18 ሰዎች ጌታችን የተናገረውን ያንብቡ፤ ከሌላው ይልቅ ኃጢአተኞች ነበሩ ማለትን አልፈቀደም። ሌሎቹ፣ ይህ የመንግሥት ሥራ ነው ይላሉ። መንግሥት ድርሻ አለበት፤ ከድርሻውም ማንም አያወጣውም። ነገር ግን በዚያ መንደር ሌሊት የሚደወል ደወል፣ ሰው የሚያስጠልል አዳራሽ፣ የየቤቱን ሰው በስም የሚያውቅ ሽማግሌ ያለው የት ነው? ሦስተኞቹ ደግሞ፣ ድሆች ነን ይላሉ። እኔ በማውቃት አንዲት ማኅበረ ምእመናን፣ ከየቤቱ በወር አምስት ብር ተዋጥቶ ሸራና ጀሪካን ይቀመጥ ብዬ ባመለክት፣ ለማይታወቅ ቀን ገንዘብ ማሰር አይገባም ተባልሁ። በዚያው ስብሰባ ግን ለአዲስ ድምፅ ማጉያ ብዙ ሺህ ብር ተፈቀደ። ድምፅ ማጉያ ክፉ ነው አልልም። ለድምፅ ማጉያ የተገኘ ገንዘብ ለሸራ ጠፋ ከተባለ ግን የጠፋው ገንዘብ አይደለም።

ደግሞ ስለ መዝገቡ የምለው አለኝ። እርዳታ በአባላት መዝገብ ከታደለ በጎርፍ ዳር በኪራይ የሚኖረው የቀን ሠራተኛ፣ እስላሙ ጎረቤት፣ ከሌላ አገር የመጣችው መበለት ይቀራሉ። ብዙ ጊዜ በዝቅተኛው ስፍራ የሚኖሩትም እነርሱ ናቸው። ውሃው ሃይማኖት ጠይቆ አልገባም፤ ዳቦውም ጠይቆ መግባት የለበትም። ለተራበ ሰው አስቀድሞ ስብከት ማሰማት፣ ስንዴውንም ከማስጨበጥ በፊት ፎቶግራፍ ማንሣት የሰውን ውርደት መግዛት ነው። ስለዚህ መዝገቡ የመንደሩ ይሁን፤ ከዕድሩና ከመስጊዱ ሽማግሌዎች ጋራ ክረምት ሳይገባ ይጻፍ፤ አካለ ስንኩሉንና ነፍሰ ጡሯን ማን ተሸክሞ ወደ ከፍታው እንደሚያወጣም በስም ይወሰን።

ይህ አይቻልም እንዳትሉ የአገራችን ታሪክ ይመሰክራል። የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን በ1964 ዓ.ም. ለውጭ ረጂዎች በጻፈችው ደብዳቤ ወንጌልን መስበክና ሰውን በኑሮው መርዳት የማይነጣጠሉ መሆናቸውን አስረድታለች። በ1977ቱ ድርቅም የካቶሊክና የመካነ ኢየሱስ አብያተ ክርስቲያናት የሃይማኖት ልዩነታቸው ሳያግዳቸው በአንድነት ለተራበው እህል አከፋፍለዋል። ሞት ካፋፈ በኋላ መተባበር ከተቻለ ሞት ሳይመጣ መተባበር የሚከለከለው በምን ምክንያት ነው?

ሳይደርቅ በርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ ይባላል። ወጣቶች ሆይ፣ የሚቀጥለው ሰኔ ሳይገባ ወደ ሽማግሌዎቻችሁ ሂዱና በትሕትና፣ ነገር ግን ሳታፍሩ፣ እንዲህ ብላችሁ ጠይቁ፤ መጋዘናችን የት ነው? ስንት ሸራ አለበት? ቁልፉስ በማን እጅ ነው? መልስ ካጡ አትቈጡ፤ የመጀመሪያውን ጀሪካን ራሳችሁ ገዝታችሁ አምጡላቸው።