ላሊበላን ማን ሠራው ብለው ለሚጠይቁ ልጆች

በኮልፌ ቀራንዮ የምንኖር ሰዎች የሰፈራችንን ስም ዘወትር እየጠራን ትርጓሜውን እንዘነጋለን። ቀራንዮ ማለት ጎልጎታ ነው። በላስታም ንጉሥ ላሊበላ አስፈለፈላቸው ከሚባሉት 11 አብያተ ክርስቲያናት አንዱ ቤተ ጎልጎታ ይባላል፤ በመካከላቸው የሚወርደውም ወንዝ ስሙ ዮርዳኖስ ነው። ንጉሡ በአገሩ ሁለተኛ ኢየሩሳሌምን ለማቆም አስቦ ነው ይላሉ አበው።

ይህነን ታሪክ ለልጆቻችን ስንነግር ግን «መላእክት ሠሩት» ብለን በአጭሩ እንዘጋዋለን፤ ልጁም ከዚያ ወዲያ የሚጠይቀው አያገኝም። እኛ የአበውን ትረካ አንነቅፍም፤ ነገር ግን ሙሉውን ባለመንገራችን እናዝናለን። ትረካው ሰዎች ቀን የፈለፈሉትን መላእክት ሌሊት እጥፍ አድርገው ያድሩ ነበር ይላል እንጂ ሰው እጁን አጣጥፎ ተቀመጠ አይልም።

በተወለደ ጊዜ ንቦች እንደ ከበቡትና እናቱም ስሙን ከዚያ እንዳወጣችለት ልጆች ያውቁታል። ስለ ንግሥቲቱ ስለ መስቀል ክብራ ግን የሚነግራቸው ጥቂት ነው፤ ቤተ አባ ሊባኖስን በመላእክት ረዳትነት በአንዲት ሌሊት አሠራችው ይባላል። ቅዱስ ጊዮርጊስም «የእኔ ቤት ወዴት ነው?» ብሎ በፈረሱ ስለ መጣ ቤተ ጊዮርጊስ ተፈለፈለለት ይላሉ፤ የፈረሱን የኮቴ ምልክት ዛሬም በዓለቱ ላይ ያሳያሉ።

ፖርቱጋላዊው ቄስ አልቫሬዝ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ከ1520 እስከ 1526 በኢትዮጵያ ሳለ እነዚህን ሕንፃዎች አይቶ ጻፈ፤ የሚያምነኝ አላገኝም ብሎ ስለ ሠጋም እውነት መሆኑን በእግዚአብሔር ስም ማለ። ዛሬ ግን ሥራውን ለባዕድ ሰዎች የሚሰጡ ጸሐፊዎች አሉ፤ ማስረጃ ስለሌላቸው በዚህ ገጽ ቦታ አናባክንባቸውም። ሊቃውንት የሚከራከሩት በሌላ ነገር ነው፤ ሁሉም በአንድ ንጉሥ ዘመን ሳይሆን በየጊዜው የተፈለፈሉ ናቸው የሚሉ አሉ።

ሥራው ከላይ ወደ ታች ነው። ቤተ ጊዮርጊስ 12 ሜትር ያህል ጠልቆ ከአንድ ዓለት ወጥቷል፤ ግንበኛ ያበላሸውን ድንጋይ አውጥቶ ሌላ ይተካል፤ ዓለት ፈልፋይ ግን አንድ ጊዜ የቆረጠውን መመለስ አይችልም። በዙሪያው ያለውንም ጉድጓድ የክረምቱ ውሃ እንዳይተኛበት ወለሉን አዘንብለው ቦይ አወጡለት። ለልደት በዓል ልጆቹን ይዞ የሚሄድ ሰው የፈረሱን ኮቴ ካሳያቸው በኋላ ይህነንም ቦይ ያሳያቸው፤ በግድግዳው ላይ የቀረውንም የመሮ ምልክት በጣታቸው ያስነካቸው።