ዕረፍትም ሒሳብ አለው

የቅርጫት ኳስ ተመልካች የሚያጨበጭበው ኳስ ላገባው ነው። ይሁን እንጂ ብዙ ግጥሚያ የሚለየው ማን መቼ ይረፍ በሚለው ውሳኔ ነው።

በአሜሪካ የባለሙያዎች ሊግ በኤን ቢ ኤ ደንብ፣ ጨዋታው በቆመ ጊዜ ተጫዋች የፈለጉትን ያህል መለወጥ ይቻላል፤ 6 ጥፋት ካልሞላበት በቀር የወጣውም ተመልሶ ይገባል። ጨዋታውን ማስቆም ግን እንዲህ በገፍ አልተሰጠም። አንድ ቡድን በመደበኛው ጊዜ የሚፈቀድለት 7 ዕረፍት ሲሆን፣ እያንዳንዱም 75 ሰከንድ ነው፤ በአራተኛው ክፍል ከ4 አይበልጥም።

አሠልጣኝ እንደ ልቡ ያስቁም የሚሉ አሉ። እኔ ግን ገደቡ ተገቢ ነው እላለሁ። የደከመ በለውጥ ያርፋል፤ ዐሥሩን ተጫዋችና ተመልካቹን ሁሉ ማስቆም ግን ምክንያት ይፈልጋል። ደግሞም ዕረፍት ለመጠየቅ የሚችለው አሠልጣኙ ብቻ ሳይሆን ሜዳ ላይ ያለው ተጫዋችም ስለ ሆነ፣ ስንት እንደ ቀረ ማወቅ የሁሉም ግዴታ ነው።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1993 ዓ.ም. በአሜሪካ ኮሌጆች የፍጻሜ ግጥሚያ የሆነው ለዚህ ምስክር ነው። የሚሺጋኑ ክሪስ ዌበር፣ ቡድኑ በ2 ነጥብ ተበልጦ ሳለ፣ 11 ሰከንድ ሲቀር ዕረፍት ጠየቀ። ቡድኑ ግን የተፈቀደለትን ጨርሶ ነበር፤ ተቀጣ፤ ኖርዝ ካሮላይናም 77 ለ71 አሸነፈ። ዌበር ችሎታ አላነሰውም፤ ኋላም በባለሙያዎቹ ዘንድ ስመ ጥር ሆኗል። የጎደለው ቁጥሩ ነበር።

በመሥሪያ ቤትም እንዲሁ ነው። የቀረውን ሒሳብ አለቃው ብቻ የሚያውቅ ከሆነ፣ በጭንቁ ሰዓት ትጉሁ ሠራተኛ ራሱ ሥራውን ያበላሻል።